የእግር መርገጫን ወደ ኋላ ማዛወርና የፍሬኑ ጉዳይ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ለንደን የሆነ አንባቢያችሁ ነኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 የተሠራች ሆንዳ ሲቢ 175 ሞተር ሳይክል ገዝቼ በካፌ ሬሰር (ዝቅተኛ መሪ ባለው የእሽቅድምድም ሞተር) መልክ እያደስኳት ነው። መሪዋን በዝቅተኛ መሪ ከቀየርኩ ወዲህ እግሬ ወደ ፊት እንደተዘረጋ ስለሚቀር ክብደቴ ሁሉ የእጄ አንጓ ላይ እያረፈ ተቸግሬያለሁ። ስለዚህ መርገጫዎቹን ከማርሹና ከፍሬኑ ፔዳል ጋር ወደ ኋላ የሚያዛውረውን «ሪርሴት» ልገጥምላት አስቤያለሁ። አንድ ወዳጄ ግን የማርሹን ፔዳል ወደ ኋላ አዙሮ ማሰር ብቻ ይበቃል ይለኛል። እውነት ነውን? ከምንስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 የተከፈተው ኤስ ካፌ ደጃፍ ላይ ይሰበሰቡ የነበሩት የከተማዎ ወጣቶችም መሪያቸውን ዝቅ ካደረጉ በኋላ የደረሱበት መፍትሔ ይኸው ነበርና ሐሳብዎ ትክክል ነው። የወዳጅዎ ምክር ግን ግማሽ እውነት ነው። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲዞር ማርሹ መግባቱ ባይቀርም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ አንደኛው ማርሽ ወደ ታች፣ ሌሎቹ አራቱ ወደ ላይ የነበረው አንደኛው ወደ ላይ፣ አራቱ ወደ ታች ይሆናል። በድንጋጤ ሰዓት እግር የሚታዘዘው ለለመደው ነውና ይህን አልመክርዎትም። ይልቅ አዲሱን ፔዳል ከማርሹ ዘንግ ጋር በማገናኛ ብረት ያያይዙት፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ክንዶች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ሁለቱም ወደ ላይ ወይም ሁለቱም ወደ ታች ከሆኑ የቀድሞው ቅደም ተከተል ይጠበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የኋላ ፍሬን ነው። የእርስዎ ሞተር የኋላ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሳብ ታምቡር (በጎማው መሀል ያለ ከበሮ መሰል ፍሬን) በመሆኑ፣ ኃይሉ የሚወሰነው በፔዳሉ ክንዶች ርዝመት ነው። እግር የሚያርፍበት ክንድ 20 ሴንቲሜትር፣ ዘንጉን የሚስበው ክንድ ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን የእግርዎ ጉልበት በአራት ይባዛል፤ ለውበት ሲባል ፔዳሉ ወደ 12 ሴንቲሜትር ቢያጥር ግን ብዜቱ 2.4 ብቻ ይሆናል፣ ፍሬኑም ደነዘዘ ማለት ነው። ስለዚህ የሚስበውንም ክንድ በዚያው መጠን ማሳጠር ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ፔዳሉ ከቴላዮው (ከሞተሩ ዋና የብረት አካል) ጋር ሲታሰር ታምቡሩ ግን ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሱ ነው። የዘንጉ የፊት ጫፍ የኋላውን ጎማ የያዘው ሹካ ከሚታጠፍበት ነጥብ ከራቀ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ፍሬኑ ሳይረገጥ ሊይዝ ወይም ሊላላ ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩን በመደገፊያ አቁመው የሾክ አብዞርበሮቹን የታች ቡሎኖች ይፍቱና ጎማውን በእጅዎ ከፍና ዝቅ ያድርጉት፤ የፍሬኑ ክንድ በራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የፔዳሉን ቦታ ይቀይሩ። የፔዳሉን መመለሻ ሞላና የፍሬን መብራቱን ማብሪያም ከአዲሱ ፔዳል ጋር ማገናኘት አይርሱ። በእንግሊዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው ዓመታዊ ምርመራ አይገደዱምና ጉድለቱን የሚያይልዎ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

መርገጫዎቹን የሚሸከመውን ብረት በየጎኑ ቢያንስ በሁለት ቡሎኖች ከቴላዮው ጋር ይሰሩት። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የኋላ ተሳፋሪው መርገጫ የሚታሰረው በሚንቀሳቀሰው ሹካ ላይ ስለሆነ፣ ቦታው አመቺ መስሎ ቢታይዎትም ፔዳል አይትከሉበት። በመጨረሻም ምንም ነገር ከመበየድዎ በፊት በቀኝ በኩል ያለውን የእግር ማስነሻ እስከ ታች ይርገጡት፤ ከአዲሱ መርገጫ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የሚታጠፍ መርገጫ መግጠም ይኖርብዎታል።