«ዚንክ ልዋጥ ወይስ ይቅርብኝ?» ጥያቄና መልስ

ስለ ዚንክ የሚያሳስባችሁን ጠይቁ፤ በየተራ እመልሳለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። እዚህ ስለ መጠን ስናገር ስለ ንጹሑ ዚንክ ነው እንጂ ዚንኩን ስለተሸከመው ጨው (እንደ ዚንክ ሰልፌት ያለ ውህድ) ክብደት አይደለም። ብዙው ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ክኒኔ ላይ «ዚንክ ሰልፌት 220 ሚሊግራም» ይላል። ለአንድ ሰው በቀን 11 ይበቃል ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩ። 20 እጥፍ እየዋጥኩ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 20 እጥፍ እንኳ አይደለም። 220 የሚለው የጨዉ ክብደት ነው፤ በውስጡ ያለው ዚንክ 50 ሚሊግራም ያህል ነው። ውሃ ያዘለው ሰልፌት 23 በመቶ ገደማ፣ ግሉኮኔት 14 በመቶ ገደማ፣ ኦክሳይድ ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ዚንክ አላቸው። ኦክሳይዱ በቁጥር ቢያስቀናም በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ስለዚህ ሰውነት ከሱ የሚያገኘው ያነሰ ነው።

ያም ሆኖ 50 ብዙ ነው። በቀን ለአዋቂ ወንድ 11፣ ለሴት 8፣ ለነፍሰ ጡር 11፣ ለምታጠባ እናት 12 ሚሊግራም ይበቃል። ያለ ሐኪም ክትትል መታለፍ የሌለበት ጣሪያ፣ ከምግብ የሚገኘው ተደምሮ፣ 40 ነው። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ካላዘዘልህ አንተ ከጣሪያው በላይ ነህ።

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጄን ተቅማጥ ይዞት ኦአርኤስና 10 የዚንክ ክኒን ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ። ክኒኑን ልተወው? ደግሞ ስሰጠው ያስመልሰዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው፤ አሥሩንም ቀን ጨርሺለት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 እ.ኤ.አ. የመከሩት ይህንኑ ነው፦ ስድስት ወር ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕፃን በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነ 10 ሚሊግራም (የባለ 20ው ክኒን ግማሽ)፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም የተጎዳው የአንጀት ግድግዳ ገና አላገገመም። ሙሉውን መጨረስ በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራት ተቅማጡ የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር አለ። ክኒኑን በንጹሕ የሻይ ማንኪያ ላይ አድርጊ፤ ጥቂት የታለበ የእናት ጡት ወተት ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሪበት። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ራሱ ይፈርሳል፤ በጣት ማማሰል አያስፈልግም። ካጠጣሽው በኋላ ማንኪያው ላይ የቀረውን በትንሽ ውሃ አለቅልቀሽ ስጪው፤ ከታች የሚዘቅጠው እሱው መድኃኒቱ ነውና። በጡጦ ሙሉ ወተት ወይም በሊትር ኦአርኤስ ውስጥ አትበጥብጪው፤ ልጁ ካልጨረሰው ስንት እንደወሰደ ማወቅ አይቻልም።

የሚያስመልሰው ብዙውን ጊዜ የብረት ብረት የሚለው ጣዕሙ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ትንሽ አረፍ ይበልና ድገሚለት። ኦአርኤሱን ግን ዚንክ አይተካውም፤ ሕፃን የሚሞተው የውሃና የጨው መሟጠጥ አዳክሞት ነው። ሰገራው ውስጥ ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ ጊዜ ሳትሰጪ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆዴ ስወስድ ያቅለሸልሸኛል።

መልስ፦ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። በባዶ ሆድ የሚገባው መጠን ይበልጣል፤ ግን ያስመለሱት ክኒን ምን ይጠቅማል? ምግቡ ብቻ ሙሉ በሙሉ የእህልና የጥራጥሬ ባይሆን ይመረጣል። በገለባቸው ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንኩን አስሮ በሰገራ ይዞት ይወጣል። መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና በእርሾ ማቡካት ፋይቴቱን ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ አይረንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞልኛል። ከዚንኩ ጋር አንድ ላይ ብውጣቸውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ዚንክም አይረንም አንቲባዮቲኩን ሲፕሮፍሎክሳሲንን ሆድ ውስጥ ይይዙታል፤ ሁለቱም ሳይሰርጉ ይቀራሉ፤ መድኃኒቱም በቂ ሳይሆን ኢንፌክሽኑ ይቀጥላል። አንቲባዮቲኩን ዚንኩን ከመውሰድህ ቢያንስ 2 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከወሰድክ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ አድርገው። የቴትራሳይክሊን ቤተሰቦችም እንዲሁ ናቸው፤ አሞክሲሲሊን ግን ይህ ችግር የለበትም። አይረኑ 25 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ የዚንኩን መግባት ስለሚቀንስ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ። በእርግጥ የአንቲባዮቲኩ ኮርስ አጭር ከሆነ የተሻለው እሱ እስኪያልቅ ዚንኩን አለመውሰድ ነው።

ጥያቄ፦ ለጉንፋን ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ መሐል ላይ ነው። አስቀድሞ በመውሰድ ጉንፋንን ለመከላከል የሚያበቃ ማስረጃ የለውም። ምልክቱ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ የተጀመረ፣ አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ክኒን የሕመሙን ቀናት ሊያሳጥር ይችላል፤ ሆኖም የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። የሚዋጠው ክኒን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በአፍ መምጠጥ አይገባም። ጥናቶቹ የተጠቀሙት መጠን ብዙ ጊዜ በቀን 75 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ነው፤ ይህ ከጣሪያው ስለሚያልፍ ጉንፋኑ ሲያልፍ ይቁም። በአፍንጫ የሚረጭ ዚንክ ግን በጭራሽ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2009 እ.ኤ.አ. የማሽተት ስሜታቸውን ስላጡ ሰዎች አስጠንቅቋል፤ አንዳንዶቹም አልተመለሰላቸውም።

ጥያቄ፦ ለበሽታ መከላከል ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን 50 ሚሊግራም ወስጃለሁ። አሁን ደም ማነስ ተገኘብኝ፤ አይረን ብወስድም አልተሻለኝም። እግሬንም ይደነዝዘኛል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙትና ለሐኪምዎ ይህን ሁሉ፣ በተለይ ዚንኩን፣ ይንገሩ። የመዳብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይሠራሉ። ይህ ፕሮቲን ከዚንኩ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዛል። ሴሎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲረግፉ የያዙትን መዳብ ይዘው በሰገራ ይወጣሉ። መዳብ የሌለው ሰውነት አይረኑን በወጉ አይጠቀምበትም፤ ስለዚህ አይረን ቢጨመርም ደሙ አይስተካከልም። ነጭ የደም ሴልም ይቀንሳል፤ ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፤ እግር መደንዘዝና ሲራመዱ መንገዳገድ ምልክቶቹ ናቸው።

ምርመራው የደም መዳብና ሴሩሎፕላዝሚን (በደም ውስጥ መዳብን የሚሸከም ፕሮቲን) ነው። ዚንኩ ከቆመና መዳብ ከተተካ ደሙ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፤ ነርቩ ግን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ላያገግም ስለሚችል ቀጠሮውን አያዘግዩት። መዳቡንም በራስዎ አይጀምሩ። የሚገርመው ይኸው ጉዳት በሌላ ቦታ መድኃኒት መሆኑ ነው፤ መዳብ በጉበት ለሚከማችባቸው የዊልሰን በሽተኞች ዚንክ 50 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ የሚታዘዘው ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ለጸጉር መርገፍና ለወንድ ሆርሞን?

መልስ፦ እጥረት ካለ ይረዳል፤ ከሌለ ተጨማሪው ጥቅም የለውም። በኢራን ሺራዝ አካባቢ ሐኪሙ አናንዳ ፕራሳድ በ1961 እ.ኤ.አ. የገለጿቸው ወጣቶች እርሾ የሌለው ዳቦ በብዛት እየተመገቡ ዕድገታቸውና የጉርምስና ምልክታቸው ወደኋላ የቀረ ነበር፤ በኋላ ጉዳዩ ከዚንክ እጥረት ጋር ተያያዘ። ሰዎች «ዚንክ ወንድ ያደርጋል» የሚሉት ከእንዲህ ዓይነቱ ተነስተው ይመስላል፤ በቂ ዚንክ ላለው ሰው ግን አይሠራም።

ጥያቄ፦ እጥረት እንዳለብኝ በደም ምርመራ ይታወቃል?

መልስ፦ በከፊል። ደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ከሰውነት ዚንክ እጅግ ጥቂቱ ነው። ጠዋት ሳይበሉ ይሰጡ፤ ኢንፌክሽንና ብግነት ካለ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ናሙናው ውስጥ ቀይ የደም ሴል ከፈነዳ ደግሞ ያንረዋል። የአንጀት በሽታ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ አልኮል ወይም የታያዛይድ የደም ግፊት መድኃኒት ያለበት ሰው ውጤት ይበልጥ ትርጉም ይሰጣል። ቁጥር ብቻ አይተን ሕክምና አንጀምርም።

ጥያቄ፦ ትናንት ረስቻለሁ፤ ዛሬ ሁለት ልውሰድ?

መልስ፦ አንድ ብቻ።