ስለ መስኖና ጨው ጠይቁኝ

አዋሽ ሸለቆ በማፋሰሻ (ትርፍ ውሃን ከማሳ በማስወጣት) ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። እስከ ማታ እመልሳለሁ። ፎቶ ብቻ ልኮ «ይሄ ምንድነው?» ለሚል ግን መልስ የለኝም።

ከአሚባራ፦ ጋሼ፣ የጥጥ ማሳዬ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ውሃ ጨመርኩበት፣ ባሰበት።

መልስ፦ ይብሳላ! ችግሩ ያለው ከታች ነው። እናንተ ጋ መስኖ ሲጀመር የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ነበር። ሰብሉ ከሚፈልገው በላይ ሲለቀቅ፣ ቦዩም ሲያሰርግ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣ። 1.5 ወይም 2 ሜትር ላይ ሲደርስ አፈሩ ራሱ ይስበዋል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። መጀመሪያ 2 ሜትር ጉድጓድ ቆፍር። አሳድረህ ውሃው የቆመበትን ለካ። ከዚያ ማፋሰሻ ቦይ፣ ከዚያ እጥበት፤ ጨውን በውሃ አጥቦ ማስወጣት ማለት ነው። ስታጥብ አጠራቅመህ አትልቀቅ፤ እያረፍክ፣ በየተራ። መውጫ ሳይኖር ውሃ አትጨምሩ!

ከዝዋይ፦ የጉድጓድ ውሃዬ 3 ዴሲሲመንስ በሜትር ነው። ሽንኩርት ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ዴሲሲመንስ በሜትር የጨው መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጨው በዛ ማለት ነው። በዚሁ መለኪያ የአፈሩ ጨው 1.2 ሲያልፍ የሽንኩርት ምርት መውረድ ይጀምራል። ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይችላል። በ3 ውሃ እያጠጣህ አፈርህ ከ3 በታች አይቆይልህም።

ጥያቄ፦ ጂፕሰምስ?

መልስ፦ ጂፕሰም ካልሲየም ያለው ማዕድን ነው፤ የሚጠቅመው አፈሩ ውስጥ ሶዲየም ከበዛ ብቻ። ላብራቶሪ አስመርምር። ካልሲየሙ ሶዲየሙን ያስለቅቃል፤ የተለቀቀው ታጥቦ መውጣት አለበት። በየት? በመውጫ ቦይ!

ጥያቄ፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ነጋዴ ጠይቅ።

ከመተሐራ፦ ሁሉም ነገር በገበሬው ይሳበባል። እኛ ጋ ያለው ጨዋማው በሰቃ ሐይቅ ወደ አዋሽ ወንዝ ሲለቀቅ ማን ይጠየቃል?

ሌላ አባል፦ በሰቃን ያሰፋው የእናንተው የሸንኮራ መስኖ አይደል እንዴ?

ከመተሐራ፦ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ፍል ውሃ ነው! መስኖ ምን አገባው?

መልስ፦ ረጋ በሉ። ሐይቁ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ምክንያቱ ላይ ባለሙያም ይከራከራል። ከወንዙ በታች ያላችሁ ግን ማን አጠፋ እያላችሁ አትጠብቁ። ውሃው ቦያችሁ ከመግባቱ በፊት ጨውን ለኩ።

ጥያቄ፦ ጠብታ መስኖ ጨውን ያጠፋል?

መልስ፦ አያጠፋም። ውሃ ይቆጥባል፤ ጨው ግን በእርጥበቱ ዳር ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ መሬቴ ጨው ሆኗል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው? ሳትለካ አትጠይቀኝ።

ከአሚባራ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ልጨምር። ከኔ ዝቅ ብሎ ያለው ጎረቤቴ ቦይ አላሳልፍም አለ።

መልስ፦ ጨውህን ማሳው ላይ ልትደፋበት ከሆነ ልክ ነው። ዋናው ማፋሰሻ ድረስ አብራችሁ ቆፍሩ። የውሃ ተጠቃሚ ማኅበር ካላችሁ እዚያ አንሱት። እሱም እኮ ውሃው እየመጣበት ነው፤ የሱንም ማሳ አብረህ ለካለት።