ከርቤ ካንሰር ይገድላል? ከድሬዳዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከፊራ ገበያ ከርቤ ስመርጥ ያየኝ ሁሉ «ለምንህ ነው?» ይለኛል። ሥራዬ የዕፅዋት ሙጫና ሬዚን (ሙጫ መሰል፣ ግን በውሃ የማይሟሟ ነገር) በካንሰር ሴሎች ላይ መሞከር ነው። የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከርቤ ካንሰር ይገድላል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል ይገድላል። በረኪናም ይገድላል። ቁም ነገሩ በምን ያህል መጠን ገደለ፣ ጤነኛውንስ ሴል ምን አደረገው የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የምትሞክሩት?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ። ከርቤ በድሬ ሙቀት አይወቀጥም፤ እንደ ማስቲካ ሙቀጫው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት እንደ ጠጠር ደርቆ ሲወጣ ቶሎ ቶሎ እወቅጠዋለሁ። ከዚያ በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ አልኮሉ ተንኖ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይቀራል።

ሴሎቹ ያሉት መዳፍ በምታህል፣ 96 ጉድጓድ ባላት ፕላስቲክ ሳህን ነው። ዝልግልጉን አሟሙተን በተለያየ መጠን እንጨምርባቸዋለን። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ቀለም ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወይን ጠጅ ያደርገዋል፤ የሞተው እንዳለ ይተወዋል። ግማሹን ሴል ለመግደል የበቃው መጠን በሚሊ ሊትር ከ30 ማይክሮግራም በታች ከሆነ፣ ንጥረ ነገሮቹ ገና ላልተለያዩለት ዝልግልግ ጥሩ ነው እንላለን።

አንድ ጊዜ ሳህኑ በሙሉ ቢጫ እንደሆነ ሳይ «ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። ለካስ ከርቤ ጠብ ያላለበት፣ ማሟሚያው ብቻ ያለበት ረድፍም ቢጫ ነው። ሴሎቹን የፈጀኋቸው እኔ ነኝ፣ ማሟሚያ አብዝቼ። አንድ ሳምንት ውሃ በላው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አላት። ከርቤ በውሃ ዘፍዝፌ ባጠጣትስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ውሃ ከከርቤ የሚያሟሟው በአብዛኛው ሙጫውን ነው፤ ሬዚኑ አልኮል ይፈልጋል። እና እኛ የምንሞክረውን እንኳ አታጠጫትም ማለት ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡርም ከርቤ ባይጠጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የዕጣን ጭስስ?

መልስ፦ ለቡናው እሰየው። ለካንሰር ግን የሚጠናው ዕጣኑ ውስጥ ያለው ቦስዌሊክ አሲድ ነው እንጂ ጭሱ አይደለም። ጭስ ለሳንባ ያው ጭስ ነው።

ጥያቄ፦ ከኛ አገር ተክል የወጣ የካንሰር መድኃኒት አለ?

መልስ፦ አለ፣ ሙጫ ባይሆንም። ሜይታንሲን የተባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ ሲሆን፣ የተገኘው ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ወገን ተክል ነው። ሰው ላይ ሲሞከር መርዝነቱ አስቸገረና ተተወ። በኋላ ግን የእሱን ተዋጽኦ የካንሰር ሴል ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጡት ካንሰር ፈቀደችው። ሬዚን ካላችሁኝ ደግሞ፣ ኢቶፖሳይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት መነሻው ፖዶፊለም የሚባል ተክል ሬዚን ነው።

ጥያቄ፦ ጎዴ ዘመድ አለኝ፤ ከርቤ ላስመጣልህ?

መልስ፦ ደስ ይለኛል፣ ግን ከርቤው ብቻውን አይጠቅመኝም። ሶማሌዎች መልመል የሚሉት ከርቤና ሀባክ ሀዲ የሚሉት ከተለያየ ዛፍ ነው፤ አንድ ጆንያ ውስጥ ከገቡ ማን ይለያቸዋል? ዘመድህ ከዚያው ከዛፉ ቅጠልና፣ ካለም አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ በጋዜጣ መሃል አድርቆ ይላክልኝ።