ጭላሎን በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር የ38 ዓመት መምህርት ነኝ። በመጪው ኅዳር ከአምስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሌሊት 10 ሰዓት በመኪና ተነሥተን፣ ከአሰላ በእግራችን ጭላሎ ጫፍ ወጥተን፣ በዚያው ዕለት ወደ ቤታችን ለመመለስ አስበናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ዝቋላን ስወጣ ጫፉ አካባቢ ራሴን ክፉኛ አሞኝ ስለነበር ሰግቻለሁ። ስፖርት የሚያዘወትረው ጓደኛችን ደግሞ «የጉልበት ማነስ ነው፤ ስትሄጂ ይለቅሻል» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጭላሎን በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ይቻላል፤ ዕቅዳችሁን ግን እንዳለ አንደግፈውም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኙ የጭላሎ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ያመመዎት ዝቋላ 3,000 ሜትር እንኳ አይሞላም።

የጓደኛዎን አስተያየት አንቀበለውም። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል፤ ሰውነትም ይህን ለመልመድ ቀናት እንጂ ሰዓታት አይበቁትም። ጠንካራ ጉልበት ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበታም ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል። (የበቆጂን ሯጮች በምሳሌነት የሚጠቅስ ቢኖር፣ እነርሱ ከአሰላም ከፍ ባለ ስፍራ ተወልደው ያደጉ መሆናቸውን ያስታውስ።)

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት፣ አሰላ እደሩ። ይህ እንቅልፍ ሳታጡ በማለዳ እንድትነሡም ይረዳችኋል። ከከተማው እስከ ጫፉ 1,600 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚጠብቃችሁ፣ በሰዓት 300 ሜትር ከፍታ ብትጨምሩ እንኳ ዕረፍትን ሳይጨምር ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ንጋት 11 ሰዓት ተነሥታችሁ፣ የትም ብትደርሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ታች እንድታዞሩ ከወዲሁ ተስማሙ፤ ጫፉ በዓይን እየታየ «ትንሽ ቀረን» መባሉ አይቀርምና ውሳኔው አሰላ ላይ ያለቀ ይሁን። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ የደከመ ጉልበት የሚከዳውም ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ምርኩዝ ያዙ።

ጫፉ ከአዳማ በ15 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ አልፋችሁ ጅብራው ወደሚበዛበት ገላጣ ስፍራ ስትደርሱ ነፋስ የማያስገባ ልብስ ያስፈልጋችኋል። ለስንቅ በሶና ቆሎ መልካም ናቸው፤ የአርሲው ጭኮ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ስፍራው በአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይምራችሁ።

ራስ ምታት ከጀመረዎ ባሉበት ይረፉ፤ ካልተሻለዎ፣ ወይም ማቅለሽለሽና መድከም ከተጨመረበት፣ ከዚያ በላይ አይውጡ፤ ይውረዱ። በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው፣ ንግግሩ የተምታታበት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ግን ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው ወርዶ ወደ ሐኪም ሊደርስ ይገባል። የታመመ ሰው ብቻውን አይወርድምና ማን አብሮት እንደሚመለስ ከመነሣታችሁ በፊት ወስኑ፤ በእኛ አስተያየት ለዚህ የሚመጥነው ያ ስፖርተኛ ጓደኛችሁ ነው።