ዶላር ሲወደድ በስብርባሪ ማምረት፦ ጥያቄና መልስ

በፕላስቲክ ፋብሪካ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ያገለገለን የፕላስቲክ ዕቃ፣ ማለትም ስብርባሪን፣ መልሶ ጥሬ ዕቃ ስለማድረግ (ሪሳይክል) ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጋሼ፣ ቃሊቲ አነስተኛ ፋብሪካ አለን። ከውጭ የሚመጣው ጥሬ ዕቃ ዋጋ እንቅልፍ ነሳን። ጠቅልለን ወደ ሪሳይክል እንግባ?

ጠቅልላችሁስ አትግቡ። ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ግን አስቀድማችሁ የራሳችሁን ወለል እዩ። ከሞልድ (ከቅርጽ ማውጫው) የሚቆረጠው ትርፍራፊ፣ ማሽን ሲነሳ የሚበላሸው፣ ለቆራሌው በኪሎ የምትሸጡት ሁሉ በዶላር የተገዛ ነው። አንድ ወር መዝኑት። ከዚያ ፈጭታችሁ ከአዲሱ ጋር በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀላችሁ ጥንካሬውን ፈትኑ።

ከሰብሳቢዎች የምንገዛው ጥራቱ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ነው።

ለይቶ ላመጣ ጨምራችሁ ክፈሉ፤ ክፍያውም ለነገ አይደር። በር ላይ አንድ በርሜል ውሃ ይቀመጥ። ከተፈጨው ጨልፋችሁ ጨምሩበት፦ የጀሪካኑ ይንሳፈፋል፣ የውሃ ጠርሙሱና የፒቪሲው (የቧንቧ ፕላስቲኩ) ይሰምጣሉ። የሰመጡትን ለመለየት ግን ሳይፈጩ በፊት የሰው ዓይን ያስፈልጋል። ጠርሙሱ የሚቀልጠው ወደ 250 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ፒቪሲ በዚያ ሙቀት ይቃጠልና ሁሉንም ያበላሻል።

ማድረቅን አትናቁ። አንድ ጊዜ ትእዛዝ አጣድፎን በደንብ ያልደረቀ ጀሪካን አስገባን። የወጣው ቱቦ በአረፋ ተበሳስቶ፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ተሰነጠቀ። የሁለት ቀን ምርት ጣልን።

አዲሱ ጥሬ ዕቃ መልሶ ቢረክስስ? በስብርባሪው ከስረን አንቀርም?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ስብርባሪም ቢሆን ከዶላር አያመልጥም፤ አዲሱ ሲወደድ ሁሉም ወደ መርካቶ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይሮጣል፣ የዚያም ዋጋ ይሰቀላል። አዲሱ ሲረክስ ደግሞ በውድ ያከማቻችሁት ስብርባሪ መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃውን ሁልጊዜ እናንተ አትግዙት።

ለሸማኔ ድርና ማግ ወስደን የእጅ ዋጋ ብቻ እንከፍል የለ? ከደንበኞቻችሁ ጋር እንደዚያው ተዋዋሉ። የለስላሳና የቢራ ፋብሪካ የተሰባበረ ሳጥኑን ያምጣ፤ ፈጭታችሁ፣ ለጥንካሬው የሚያስፈልገውን አዲስ ጨምራችሁ፣ በሳጥን መልሱለት። የምታስከፍሉት የእጃችሁንና የጨመራችሁትን ነው። ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ፕላስቲኩ የእሱ ነው፤ እናንተም ለግዢ የሚታሰር ገንዘብ አይኖራችሁም። በማጠብና በመፍጨት የሚባክነው በመቶ ስንት እንደሆነ ግን በውሉ ላይ ይጻፍ። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው፤ የገባው ሲመዘንም የወጣው ሲመዘንም ሁለታችሁም ቁሙ።

የውሃ ጀሪካን ወይም የምግብ ሣህን ብንሠራበትስ?

በፍጹም። ቀድሞ ፀረ ተባይ ይያዝበት፣ ነዳጅ ይያዝበት አታውቁም። የቆሻሻ ባልዲ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ ሥሩ።

ክረምት ሲገባ ሰብሳቢዎቹ ይጠፉብናል።

ከግንቦት ጀምራችሁ አከማቹ፤ ዝናብ የማያገኘው ማድረቂያ ጣሪያም አብጁ። በዝግታው ወቅት ደግሞ ጥቂትም ቢሆን መግዛታችሁን አታቋርጡ። እኛ ጋ ጀሪካን የምታመጣ አንዲት እናት አለች። አዲሱ ርካሽ በነበረ ጊዜ ለእሷ ስንል በየሳምንቱ ሁለት ማዳበሪያ እንገዛት ነበር። ዋጋው ሲሰቀል ሌሎች ጨምረው ጠሯት፤ እሷ ግን ጭነቷን ይዛ እኛ በር ላይ ቆመች።