ጥያቄና መልስ፦ ሃርድዌር ኢንጂነር ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያመዝናሉ። ኮምፒውተር መጠቀም ሳይሆን የኮምፒውተሩን አካል መሥራት የሚፈልጉ አንባቢዎች በዝተዋል። ደስ ብሎኛል። ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

«12ኛ ክፍል ነኝ። ሃርድዌር ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ፤ ሒሳብ ላይ ግን መካከለኛ ነኝ። ይሳካልኛል?» (ከጅሬን)

ይሳካልሃል፣ ወንድሜ። ለመነሻ የሚሆንህ ሒሳብ ደብተርህ ውስጥ አለ። የኦም ሕግን ውሰድ፤ ቮልቱን በኦሙ ስታካፍል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በአምፒር ይገኛል። አንዲት ትንሽ ቀይ ኤልኢዲ (መብራት) በ5 ቮልት ልታበራ ነው እንበል። ኤልኢዲዋ 2 ቮልት ገደማ ትወስዳለች፤ 3 ይተርፋል። 330 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ዕቃ) ካስገባህ 9 ሚሊአምፒር አካባቢ ያልፋል። ትበራለች፣ አትቃጠልም። ሬዚስተሩን ከተውከው ግን ልታቃጥላት ትችላለህ። ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርተህ ከዚያ በእጅህ ስትሞክረው ትምህርቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ካልኩለስ ይከተላል፤ እሱን መሸሽ አይቻልም። የትምህርት ክፍል ስትመርጥ ደግሞ ስሙን ልብ በል። ኮምፒውተር ሳይንስ በዋናነት ወደ ሶፍትዌር ይወስዳል። አንተ የምትፈልገው ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው። እሱም እዚያው አጠገብህ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኪቶ ፉርዲሳ ይሰጣል።

«መርካቶ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ትምህርቴን 10ኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ። የእኔ ሥራ ከዚህ ሙያ ጋር ይገናኛል?»

በደንብ ይገናኛል። ብዙ ተመራቂ የሌለው ነገር አንተ ጋ አለ፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ዕቃ በያጅ እጅ፣ የዛገ ቦታን በአንድ እይታ የሚለይ ዓይን። ዝናብና እርጥበት የሚበላውን ቦርድ (ዕቃዎቹ የሚለጠፉበትን ሰሌዳ) ደግሞ የጅማ ጠጋኝ ካላወቀው ማን ያውቀዋል?

የሚጎድልህ «ለምን?» የሚለው ነው። ሾርት ያደረገ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አውጥተህ ስልኩ ሲነሳ ደንበኛው ይደሰታል። ግን ያ ካፓሲተር መጀመሪያ ለምን እዚያ ተቀመጠ? አይሲው (ቺፑ) በድንገት ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ ቮልቴጁ ወረድ ይላል። አጠገቡ ያለው ካፓሲተር ያጠራቀመውን ለቅጽበት ያበድረዋል። ለዚህ ነው ከአይሲው እግር ሥር የሚለጠፈው። ራቅ ካለ ብድሩ ይዘገያል። ኢንጂነሩ ቦርዱን ሲነድፍ ይህን ሁሉ አስቦ ነው። እርጥበት ለሚበዛበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ላይ መከላከያ ሽፋን እንዲቀባ ያዛል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምረህ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት ለካ፣ ያገኘኸውንም ደብተር ላይ ጻፍ። ቀጥሎ ኪካድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና የራስህን ትንሽ ቦርድ ንደፍ፤ ቀላል የቻርጀር ሰርኪዩት ይበቃል። ትምህርቱን በማታም ሆነ በቴክኒክና ሙያ ብትቀጥለው ሌላው እየሸመደደ የሚያልፈውን አንተ እየገባህ ታልፋለህ።

«ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት ነኝ። ሃርድዌር ከሆነ የምሠራው ፕሮግራሚንግ ምን ያደርግልኛል?» (ከኪቶ ፉርዲሳ)

እህቴ፣ ዛሬ ቺፕ የሚነደፈው በጽሑፍ ነው። ቬሪሎግና ቪኤችዲኤል ሰርኪዩትን የሚገልጹ ቋንቋዎች ናቸው። ሲ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይደናገራል፤ ሲ ላይ መስመሮቹ ተራ በተራ ይሠራሉ፣ እዚህ ግን ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ ነው የሚሠሩት። ኮድ እየጻፍሽ ሳይሆን ሽቦ እየዘረጋሽ እንደሆነ አስቢ።

ከንድፉ እኩል ፍተሻውን ተማሪ። ሶፍትዌር ቢሳሳት ነገ ይታረማል፤ የተመረተ ቺፕ ግን እንደዚያ አይታረምም። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ኩባንያ ፔንቲየም ቺፕ ቁጥር ሲያካፍል አልፎ አልፎ እንደሚሳሳት ታወቀ። ኩባንያው ለዚያ ስህተት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ለመለማመድ ቦርድ መግዛት የለብሽም። በቬሪሎግ የጻፍሽውን ኮምፒውተር ላይ የምትፈትሺበት ኢካሩስ ቬሪሎግ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ዳታሺት (አምራቹ ስለ ዕቃው የሚያወጣውን ሰነድ) ማንበብ ያቅተኛል።»

ሁሉንም አታንብበው። መጀመሪያ ዕቃው የማይችለውን ቮልቴጅና ሙቀት የሚናገረውን ሠንጠረዥ ፈልግ፣ ቀጥሎ የእግሮቹን ሥዕል። ቃላቱ ከዳታሺት ዳታሺት ይደጋገማሉ። አሥር ያህል ካነበብክ ትለምዳቸዋለህ።

«ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የተበላሸ ሬዲዮና ቻርጀር እየፈታች አስቸገረችኝ። ልከልክላት?» (እናት፣ ከቆጪ)

እባክዎ አይከልክሏት፣ እናቴ። ቻርጀሩን ግን ይከልክሏት። የግድግዳው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ቻርጀርና የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለ ካፓሲተር ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል። ያበጠ የስልክ ባትሪም አትንካ፤ እሳት ያስነሳል።

በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮና መጫወቻ ግን እንደ ልቧ ትፍታ። ከቻሉ ርካሽ መልቲ ሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይግዙላት። ስትለካ አጠገቧ ቁጭ ይበሉና ምን እንዳገኘች ይጠይቋት። ለእርስዎ ለማስረዳት ስትል ነገሩ ለራሷ ይበልጥ ይገባታል።