ሐኪም ሳይሆኑ ዓይንንና አንጎልን ማጥናት

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጎቴ በተደጋጋሚ እየወደቀ ስላስቸገረን ወደ ነርቭ ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ በዓይኑ እንዲከተለው አዘዘው፤ ዓይኑ ወደ ታች መውረድ እንዳቃተው ሲያይም የጠረጠረውን የአንጎል በሽታ ነገረን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ላይ ቀርቷል፤ በዚህ ዘርፍ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ «እንግዲያውስ ምህንድስናውን ትተሽ ሕክምና ግቢ» ይሉኛል። ትምህርቴን ላቋርጥ? ደግሞስ በዚህ ሙያ ሥራ ይገኛል?

መልስ፦ አታቋርጪ። ሕክምና መግባት ያለበት ማከም የሚፈልግ ሰው ነው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ማከም እፈልጋለሁ የሚል ቃል አላገኘሁበትም። ልብሽን የያዘው «ሐኪሙ ይህን ከዓይን ላይ እንዴት አነበበው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የምህንድስና ተማሪ ከሕክምና ተማሪ አትርቅም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ትቀርባለች።

የዘመናዊው የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት ባለውለታ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ዴቪድ ሮቢንሰን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ዘዴ ዓይን ላይ የሚያርፍ ቀጭን የሽቦ ጥቅልል በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በማድረግ የዓይንን እንቅስቃሴ በከፍተኛ ጥራት የሚለካ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን የሌሎች መሣሪያዎች መመዘኛ ሆኖ ኖሯል። ከመሣሪያው ይበልጥ የሚገርመው አስተሳሰቡ ነው። ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዘልሎ እዚያው እንዲቆም አንጎል ለጡንቻዎቹ ሁለት ነገር መላክ ይኖርበታል፤ መጀመሪያ ኃይለኛና አጭር ምት፣ ቀጥሎ ዓይኑን ባለበት የሚይዝ ቋሚ ትእዛዝ። ሮቢንሰን ሁለተኛው ከመጀመሪያው መሰላት አለበት፣ ስለዚህም አንጎል ውስጥ እንደ ኢንተግሬተር (የሚደርሰውን ምልክት በጊዜ እየደመረ ውጤቱን እንደሚይዝ መሣሪያ) የሚሠራ የነርቭ መረብ መኖር አለበት ብሎ ተነሣ። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴሎች በኋላ በአንጎል ግንድ ውስጥ ተገኙ። አንቺ ኢንተግሬተርን ለፈተና አጥንተሽ አልፈሽዋል፤ ብዙ የሕክምና ተማሪ ስሙንም አልሰማም።

ሐኪሙ የነገራችሁን የበሽታ ስም አልጻፍሽልኝም፣ እኔም አልገምትም። የምርመራው አካሄድ ግን ምስጢር አይደለም። ዓይንን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዘልለው የነርቭ ማዕከል ያለው ፖንስ በሚባለው የአንጎል ግንድ ክፍል ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልለው ደግሞ ከእሱ ከፍ ብሎ በመካከለኛው አንጎል ይገኛል። ስለዚህ የጎንዮሽ እንቅስቃሴው ደህና ሆኖ የላይና የታቹ ብቻ ሲሰንፍ፣ ሐኪሙ ጉዳቱ የት አካባቢ እንደሆነ ፍንጭ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በድንገት የጀመረ ብርቱ ማዞር ባለባቸው ሕሙማን ላይ፣ በሠለጠነ ሐኪም አልጋ አጠገብ የሚደረግ የዓይን ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከኤምአርአይ በተሻለ ስትሮክን እንደሚለይ አሳይቷል። ያለ አንዳች ውድ ማሽን!

ወደ ውሳኔ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። መስተዋት ፊት ቁሚና የግራ ዓይንሽን፣ ከዚያ የቀኝ ዓይንሽን እያፈራረቅሽ ተመልከቺ። ዓይኖችሽ ሲንቀሳቀሱ በፍጹም አታዪያቸውም፤ አጠገብሽ የቆመ ሰው ግን በግልጽ ያያቸዋል። እንዲህ ያለውን ዝላይ ባለሙያዎች ሳካድ ይሉታል። በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል እንዘልላለን፤ ግን በዝላዩ ጊዜ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ የሚንሸራተተውን ብዥታ አንጎል ያፍነዋል። አሁን ደግሞ የዓይንሽን ቆብ ጠርዝ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ግፊው፤ ዓለሙ ሲወዛወዝ ታያለሽ። ራስሽ ዓይንሽን ስታዞሪ ግን ክፍሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አንጎል ለጡንቻ የላከውን ትእዛዝ ቅጂ ለራሱም ያስቀራል፤ የጣትሽን ግፊት ግን እሱ ስላላዘዘው ቅጂ የለውም። ይህን ሞክረሽ «እሺ፣ ታዲያ ቅጂው በየት በኩል ያልፋል? በምን ያህል ፍጥነት?» ካላልሽ ዘርፉ ያንቺ አይደለም ማለት ነው። ካልሽ ቀጥዪ።

ስትቀጥዪ የሚጠብቅሽን ግን ልንገርሽ፤ ብዙዎች ላቦራቶሪ ሲገቡ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። የዛሬው መሣሪያ በአብዛኛው ካሜራ ነው፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን የዓይንን ብሌንና ኮርኒያ (የዓይን ግልጽ የፊት ሽፋን) ላይ የሚያንጸባርቀውን ነጥብ እየተከታተለ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ያሰላል። ጥሩው በሴኮንድ 1000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይለካል። ተሳታፊዋ መጥታ ትቀመጣለች፤ ስክሪን ላይ ነጥቦችን በየተራ እንድታይ ታደርጊያለሽ። ኩል ተኳኩላ ከመጣች መሣሪያው ጥቁሩን ኩል የዓይን ብሌን ነው ብሎ ይሳሳታል። መነጽሯ ያብለጨልጫል። ጭንቅላቷን ትንሽ ስታዞር ልኬቱ ይዛባል፣ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ቆቡ ብሌኑን ስለሚሸፍነው መረጃው ላይ ያልነበረ ዝላይ ይመዘገባል፤ እሱን ነቅሶ ማውጣት ያንቺ ሥራ ነው። የተመራማሪ ቀን በአብዛኛው ይህ ነው። ማሽን መግዛት ምርምር የሚመስለው ሰው በዚህ ሙያ ቶሎ ይሰለቻል።

ሌላው አደጋ መረጃው ከሚለው በላይ መናገር ነው። ማንበብ የሚቸግራቸው ልጆች ዓይናቸው ብዙ ቦታ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ደጋግሞ ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው «ዓይናቸውን ብናሠለጥነው ያነባሉ» ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን ዓይኑ የሚንከራተተው በአብዛኛው ቃሉ ስለከበደ ነው፤ ማንኛችንም ከአቅማችን በላይ የሆነ ጽሑፍ ሲሰጠን ዓይናችን እንደዚያው ያደርጋል። ምክንያትንና ውጤትን ለይቶ ሙከራ መንደፍ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ምህንድስና ትምህርት ቤት በበቂ የማያስተምረውም ይህንን ነው። በቀሩሽ ዓመታት የነርቭ ሥርዓት አናቶሚና የሙከራ ሳይኮሎጂ ኮርስ ፈልገሽ ውሰጂ፤ ስታቲስቲክስና ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አጠናክሪ። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱትን ስድስት ጡንቻዎችና የሚያዝዟቸውን ሦስት ነርቮች በአንድ ቀን ማወቅ ትችያለሽ።

የመመረቂያ ሥራሽን ከአሁኑ ወደዚህ አዙሪው። ተራ የኮምፒውተር ካሜራ በሴኮንድ 30 ምስል ገደማ ያነሣል፤ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊሴኮንድ ያህል አለ ማለት ነው። ትንሽ ሳካድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ሊያልቅ ስለሚችል ፍጥነት እለካለሁ ብለሽ አትድከሚ። አቅጣጫን ግን ትለያለሽ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1978 ሃሌት የተባለ ተመራማሪ ያቀረበውን ፀረ ሳካድ የተባለ ሙከራ ሥሪ፤ ነጥብ በቀኝ ብቅ ሲል ተሳታፊው ወደ ግራ እንዲያይ ይታዘዛል። ቀላል ይመስላል እንጂ ጤነኛ ሰውም አንዳንዴ ዓይኑ ያመልጠዋል፤ የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታሉ። ስህተቱን የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፊ፣ ቆጠራውንም ቪዲዮውን በዓይን አይቶ ከቆጠረ ሰው ጋር አወዳድሪ። የተሳታፊዎችን ፈቃድና የዩኒቨርሲቲሽን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ አስቀድመሽ አግኚ። አጎትሽን ደግሞ ተሳታፊ አታድርጊው፤ እሱ የሚፈልገው እህት ልጁን እንጂ ተመራማሪ አይደለም።

ስለ ሥራው፦ የዩኒቨርሲቲው መንገድ ጠባብ ነው። ሦስተኛ ዲግሪ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላም ቋሚ ቦታ እስኪገኝ በጊዜያዊ ውል መንከራተት የተለመደ ነው። ይህን ለቤተሰብሽ ሳትሸፍኚ ንገሪ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ግን በሩ ሰፋ ይላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ኤስኤምአይ የተባለውን የጀርመን የዓይን መከታተያ ኩባንያ ገዝቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ገበያ ላይ ያዋለው ራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያም ተጠቃሚው በዓይኑ እያየ እንዲመርጥ ያደርጋል። የሹፌሮችን ድካም የሚከታተሉ ካሜራዎችም የዚሁ ዕውቀት ውጤት ናቸው። መሐንዲስነትሽን ይዘሽ ብትሄጂ የምትመለሺበት መንገድ አለሽ፤ ሌላ ምክንያት ባይኖር እንኳ ይህ አንዱ ብቻውን አታቋርጪ ያሰኘኛል።

የሙከራሽ ውጤት እጅሽ ሲገባ ለሁለተኛ ዲግሪ ላቦራቶሪዎችን ፈልጊ፤ በኒውሮሳይንስ፣ በባዮሜዲካል ምህንድስና ወይም በሳይኮሎጂ ክፍል ሥር ልታገኚያቸው ትችያለሽ። ለፕሮፌሰሩ የምትጽፊው ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አንጎል ይማርከኛል» የሚለውን ተዪው፤ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። ከጽሑፎቹ አንዱን አንብበሽ ያልገባሽን ነገር ጠይቂ፣ የፀረ ሳካድ ሙከራሽን አንድ ግራፍ አያይዢ፣ ግራፉ ላይ ያላማረሽንም ራስሽ ጠቁሚ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሺ፤ አሁንም ዝም ካሉ ወደሚቀጥለው ላቦራቶሪ ጻፊ።